በጋራ አትክልት ቦታ የደቦ ቀን እንዴት ይሰናዳል?

በመደብ በመደብ ተከፋፍሎ በሚለማ የአትክልት ቦታ ሁሉም የየራሱን ይንከባከባል። መንገዱ፣ የብስባሽ ክምሩ፣ የውሃ በርሜሉና የመሣሪያ ቤቱ ግን ተመልካች ያጣሉ። ደቦ የሚጠራው ለእነዚህ ነው። አንዴ የመጣ ሰው ሁለተኛ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሰንፎ ሳይሆን ምን እንደሚሠራ የሚነግረው አጥቶ ቆሞ ስለዋለ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ልፋት ከቀኑ በፊት ያለው ነው።

አንድ ሳምንት ሲቀረው ቦታውን ዙሩና ሥራውን ዘርዝራችሁ ጻፉ። «ግቢ ማጽዳት» ማለት ማንንም አይረዳም። «ከበሩ እስከ በርሜሉ ያለውን መንገድ ማረምና ማልበስ፣ አራት ሰው» ብትሉ ግን የመጣው ሁሉ ቦታውን ያውቃል። ለየአምስት ሰው አንድ ነባር አባል መድቡ፤ ሥራውም በጠቅላላው ከሦስት ሰዓት ባይረዝም ይመረጣል። ማጎንበስ ለሚከብዳቸው ዘር መልቀም፣ የስም ምልክት መጻፍ፣ ችግኝ ማዛወር የመሰለ ተቀምጦ የሚሠራ ነገር ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃቸው።

ለመጀመሪያ ደቦ መንገድ ማልበስ እንመክራለን፤ ውጤቱ የዚያኑ ቀን ይታያል። አረሙን አጭዱ፤ ከዚያ ፕላስተሩና የብረት ስፌቱ የተነቀለለት ካርቶን ጠርዙን 15 ሴንቲ ሜትር እያደራረባችሁ አንጥፉ። በውሃ አርሳችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተፈጨ ቅርንጫፍ አልብሱት። አንድ ሜትር ኩብ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በካርቶኖቹ መሀል ክፍተት ከቀረ አረሙ በዚያው ይወጣል። የተፈጨውን እንጨት ግን መደብ ውስጥ ከአፈር ጋር አትቀላቅሉት፤ እንጨቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙ ተክሉ ቢጫ ይሆናል።

ጭቅጭቅ የሚበዛው ብስባሹ ላይ ነው። ሦስት ሳጥን ይኑር፦ አንዱ የሚሞላ፣ አንዱ የሚበስል፣ አንዱ የደረሰ። እያንዳንዱ በየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ቅጠልና የአትክልት ልጣጭ ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ይጨመራል። ደረቁን እዚያው አጠገብ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ አከማቹ፤ ሩቅ ከሆነ ማንም ሄዶ አያመጣም። ከክምሩ እፍኝ አንስታችሁ ስትጨምቁ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። መሀሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የአብዛኛው አረም ዘር ይሞታል፤ ሙቀቱ ሲወርድ አገላብጡት። የአሞኒያ ሽታ ካመጣ እርጥቡ በዝቷል፣ ደረቅ ጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ደግሞ ውሃ በዝቶ አየር አጥቷል። ሥጋ፣ ዘይት፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር እንዲሁም የታመመ ተክል እንደማይገባ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ጻፉ።

ፍግ በስጦታ ሲመጣ ሳትፈትኑ አታከፋፍሉ። በአንዳንድ ፀረ አረም የተረጨ ሣር የበላ ከብት ፍግ መርዙን እንደያዘ ይወጣል፤ ቲማቲምና ባቄላ ያጣምማል። ጥቂት ማሰሮ ላይ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር፣ ጥቂቱ ላይ አፈር ብቻ አድርጋችሁ ባቄላ ዝሩ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ፍግ ያለበት ብቻ ቅጠሉ ከተጨማደደ ያ ፍግ መደብ ውስጥ አይገባም።

በሥራው ቀን ዶማም ሆነ መንሽ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ መሬት ላይ አይተው። ጓንትና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን በቅርብ ይኑር፤ አባላቱም የቴታነስ ክትባታቸውን ያስታውሱ። የጋራው መቁረጫ መቀስ የታመመ ተክል ከነካ በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጠረግ። የመጨረሻዋ 20 ደቂቃ መሣሪያ ለማጠብና ለመቁጠር ናት።

ደቦው ሲያበቃ፣ ሰው ሳይበተን፣ የውሃ ማጠጣት ተራ አውጡ። በደረቅ ወቅት አንድ ካሬ ሜትር በሳምንት ከ20 እስከ 25 ሊትር ይበቃዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ጠዋት ይጠጣ። የሚርቅ አባል የትኛው ተክል እንደሚጠጣና ተረኛው ፍሬ መልቀም ይችል እንደሆነ መደቡ ላይ ጽፎ ይሂድ። ፎሶሊያና ኪያር ፍሬው ሳይለቀም ካረጀ ማፍራቱን ያቆማል፤ ስለዚህ «ልቀሙ» ብሎ መሄድ ለባለ መደቡም ይጠቅማል።