የዓመት በርበሬዬን እንዴት እንደማዘጋጅ

ኅዳር ሚካኤል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሌሊቱ ሲበርድና ቀኑ በፀሐይ ሲነድ፣ በቤታችን የበርበሬ ወሬ ይጀመራል። አዲሱ ዛላ ከማረቆና ከአላባ ወደ ገበያ የሚገባው በዚህ ሰሞን ነው። እኔ ለአምስት ሰው ቤተሰብ ዐሥር ኪሎ ዛላ አዘጋጃለሁ። ሥራውንም ከጥር አላሳልፍም፤ ሲዘገይ የበልግ ደመና ይመጣል፣ ዐቢይ ጾምም ሽሮና ምስር ይዞ ከበር ይቆማል።

ዛላውን ስትገዙ ዐይናችሁ ቀለሙ ላይ ብቻ አይቅር። የማረቆ በርበሬ ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ደማቅ ቀይ ነው፤ ለወጥ ቀለም እሱን የሚስተካከል አላገኘሁም። ግን ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከሥሩ አስወጡና አንድ እፍኝ ያዙ። በጆሯችሁ አጠገብ ስትነቀንቁት ፍሬው ከውስጥ መንኮሻኮሽ አለበት። ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ እንደ ቆዳ ከተለመጠ ግን ውኃ አለበት፣ ለክብደትም እየከፈላችሁ ነው። ከዚያ ደግሞ አምስት ስድስት ዛላ በጥፍራችሁ ሰንጥቃችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ከላዩ ሲታይ የሚያብለጨልጭ ሆኖ ውስጡ፣ ፍሬው የተያያዘበት ቦታ ላይ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ግራጫ ብናኝ ያለው ዛላ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ያ ሻጋታ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ በበርበሬ ላይ ይበቅላል፤ መርዙ ደግሞ በማመስም ሆነ በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ ከስድስቱ ሁለቱ እንዲህ ከሆኑ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ትቼ እሄዳለሁ። የተፈጨ በርበሬ ከገበያ መግዛት ያቆምኩትም ለዚሁ ነው፤ ዱቄት ሆኖ ከመጣ በኋላ ምን እንደነበረ ማን ይነግረኛል?

ቤት ከገባ በኋላ መልቀምና ጭራውን መቀንጠስ ነው። ይህን ሥራ ለብቻዬ አልሠራውም፤ እናቴ፣ ልጆቼና ጎረቤቴ በሰፌድ ዙሪያ ተቀምጠን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንፈጅበታለን። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቢጫ የሆነ፣ የተበሳ ሁሉ ይወጣል። ፍሬው ቀለም ያፈዛል፤ እኔ ግማሹን አራግፌ ግማሹን እተዋለሁ፣ ቃናው የሚጎድልብኝ ስለሚመስለኝ። እጃችሁን ዘይት ቀብታችሁ ጀምሩ፤ ሳትታጠቡ ዐይናችሁን እንዳትነኩ።

አንዳንዶች ሳያጥቡ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠርጉታል። እኔ አጥባለሁ። ዛላው የተሰጣው መሬት ላይ፣ አንዳንዴም መንገድ ዳር ነውና አቧራውን አልበላም። በሳፋ ውኃ ነከር አድርጎ ወዲያው ማውጣት ነው እንጂ መዘፍዘፍ አይገባም። ከዚያ በንጹሕ ሸራ ላይ እስከ ሦስት ቀን ይሰጣል።

አሁን ድልዙ፣ ማለትም ከሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የሚታሸው በርበሬ። ለዐሥር ኪሎ ዛላ አንድ ኪሎ ተኩል ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ ዝንጅብል፣ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት እስር በሶብላና አንድ እፍኝ የጤና አዳም ፍሬ እወስዳለሁ። ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ልጦ ሳያልሙ መውቀጥ ነው። በርበሬው ለብቻው በሙቀጫ ሸርከት ተደርጎ ይወቀጥና ከእነሱ ጋር ይታሻል። እንደ ሊጥ እንዲሆን አትፈልጉ፤ በእጅ ሲጨበጥ ተያይዞ፣ ሲለቁት የሚፈረፈር ይበቃል። በዚህ ጊዜ ከግቢው አልፎ ጎረቤት የሚደርስ መዓዛ ይወጣል። እናቴ ሦስት ቀን ታፍነው ነበር፤ እኔ አንድ ሌሊት ከድኜ አሳድራለሁ እንጂ ከዚያ አልፌ አላውቅም። እርጥበትና ሻጋታን ስለምፈራ ነው፤ የደረሰብኝን ከዚህ በታች እናገራለሁ።

ድልዙን በጣት ውፍረት ሳይሆን በስሱ አስጡት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየገለበጣችሁ፣ የተያያዘውን በጣት እየሰበራችሁ፣ ጤዛ ሳይወርድ ወደ ቤት አስገቡት። ጥሩ ፀሐይ ካለ አምስት ቀን ይፈጃል። ሦስተኛው ቀን ላይ ከላዩ ደርቆ ይታያል፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። አንድ ትልቁን እንክብል አንሡና ለሁለት ክፈሉት። መሐሉ ጠቆር ብሎ፣ ለጣት ቀዝቀዝ ካለና የሽንኩርቱ ቁራጭ ሲጫኑት ከተለጠጠ ገና ነው። የደረቀው በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮታኮታል።

አንድ ዓመት ለዘመድ ሠርግ ስንጣደፍ ድልዙን በሁለተኛው ቀን ሰብስቤ አስፈጨሁት። ቀለሙ ያማረ፣ ሽታው ያወደ ነበር። ለፋሲካ ዶሮ ልሠራ ዕቃውን ስከፍት የእርጥብ ሰሌን ሽታ ተቀበለኝ፤ ማንኪያው ሲገባ እንደ ድንጋይ የረጋና ጠርዙ የሸበተ ነበር። ላዩን ገፎ መጠቀም አይቻልም ወይ ያሉኝ ነበሩ። አይቻልም። ሻጋታ ከላዩ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ውስጥም ይገባል። ያን ሁሉ የአንድ ወር ልፋት ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቅመሙን ለየብቻው ማመስ ግድ ነው፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ያርራልና። ግማሽ ኪሎ ተፈልፍሎ የወጣ ኮረሪማ፣ ሩብ ሩብ ኪሎ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድና ድምብላል፣ መቶ መቶ ግራም ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና አብሽ፣ ሃምሳ ሃምሳ ግራም ቅርንፉድና ቀረፋ። አብሹን ተጠንቀቁ፤ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ቀለም ሲይዝ አውርዱት፣ ካለፈ በርበሬውን ሁሉ መራራ ያደርገዋል። ቅርንፉድና ቀረፋ ግን ለብ ቢሉ ይበቃል። አንድ ኪሎ ጨውም እርጥበቱ እስኪወጣ ታምሶ ይጨመራል። በመጨረሻ ድልዙ ራሱ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ሞቅ ይደረጋል፣ እያማሰሉ፣ ጭስ ሳያወጣ። ጭስ ካያችሁ ቀለሙ እየሞተ ነው። ይህን ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን በነጠላ አስራችሁ ሥሩ፤ አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት አጠገብ እንዳይቆሙ።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት የተፈጨው ምን እንደሆነ ጠይቁ። በርበሬ ከነበረ መልካም፤ ጤፍ ወይም ስንዴ ከነበረ ትንሽ ቆንጥራችሁ አስቀድማችሁ አስፈጩና ያን ለብቻው ያዙ። እዚያው ቁሙ፣ ሌላ ሰው አትላኩ። ከወፍጮ የወጣው ትኩስ ነው፤ በጆንያ ታስሮ ከዋለ በራሱ ላብ ይረጋል። ቤት እንደደረሰ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ በወንፊት ንፉት፤ የቀረውን ሻካራ ደግሞ መልሳችሁ አስፈጩት ወይም በሙቀጫ አድቅቁት።

ለማስቀመጥ አንድ ትልቅ ዕቃ ከምትሞሉ ብዙ ትናንሽ ብርጭቆ ዕቃዎች ሙሉ፤ ለዕለቱ የምትከፍቱት አንዱን ብቻ ይሁን። የብዙ ቤት በርበሬ የሚበላሸው ከድስት በላይ ተይዞ በሚነሰነስበት ጊዜ ነው፤ የወጡ እንፋሎት ቀጥታ ወደ ዕቃው ይገባል። በደረቅ ማንኪያ በትንሽ ሳህን አውጡና ከሳህኑ ነስንሱ። ውጭ አገር ላለችው ልጄ የምልከውን ሁለት ኪሎ እሷ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ቀለሙም ቃናውም እስከሚቀጥለው ኅዳር ይቆይላታል።

አዲሱን በርበሬ ወዲያው በወጥ አትፍረዱት። ቅመሙ እስኪዋሐድ ሁለት ሳምንት ያህል ያርፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ሽሮ ሞክሩት፤ ሽሮ ምንም አይደብቅም። የጎደለው ኮረሪማ ከሆነ አሁንም አምሳችሁ፣ አድቅቃችሁ መጨመር ትችላላችሁ። ድልዙን ያሞቃችሁበትን ምጣድ ደግሞ በጨውና በደረቅ ጨርቅ ደጋግማችሁ ሳታሹ እንጀራ አትጋግሩበት፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት እንጀራዎች በርበሬ በርበሬ ይላሉ።