መኪናው ጅቡቲ ላይ ሲቀር፦ ባለንብረቶች የሚደጋግሟቸው የኢንሹራንስ ስህተቶች

ስልኩ የጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደውል ደንበኛ ደህና ወሬ ይዞ አይደውልም። "መኪናው ጅቡቲ ውስጥ፣ ከዲክሂል ወዲህ ተገልብጧል" አለኝ። ሹፌሩስ? ደህና ነው። ረዳቱስ? ክንዱን ትንሽ ተጎድቷል። ተመስገን ተባባልን። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ከአፉ ሳይወጣ አውቀው ነበር።

"ግድ የለም፣ ቢጫ ካርድ አለኝ።"

እኔ የኢንሹራንስ ደላላ ነኝ፤ በቢሮ ቋንቋ ብሮከር። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የከባድ መኪና ባለንብረቶች ናቸው። መኪኖቻቸው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመላለሳሉ። "ቢጫ ካርድ አለኝ" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬው አላውቅም። ያን ሌሊት ግን በቃኝ። እንቅልፉም ስለሸሸኝ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ቢጫ ካርድን የመኪና ዋስትና ማድረግ

ቢጫ ካርዱ የኮሜሳ፣ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ፣ ነው። ስምምነቱ በ1986 እ.ኤ.አ. ተፈርሞ በዓመቱ ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፈ መኪና ጅቡቲ ወይም ኬንያ ገብቶ ሰው ቢገጭ፣ የተገጨው ሰው ካሳ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለበትም። እዚያው አገሩ ያለው የካርዱ ቢሮ ያስተናግደዋል። በኋላ ከእኛ ቢሮ ጋር ይወራረዳሉ። የእኛው ቢሮ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው። ሹፌሩና አብረውት ያሉት ከተጎዱም ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን አለው።

እስቲ አሁን ንገሩኝ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእናንተ መኪና የታለ?

የለም። ካርዱ የሚጠብቀው ሌላውን ሰው ከእናንተ መኪና ነው። መኪናችሁን ራሱን ከምንም አይጠብቅም። ቢገለበጥ፣ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ የቢጫ ካርዱ ጉዳይ አይደለም። አንድ ጋሼ የምላቸው ባለንብረት ካርዱን ከላስቲኩ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና "ማኅተሙን እይ እንጂ!" ብለው ተቆጡኝ። አየሁት። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው። መኪናቸው ግን ዮቦኪ አጠገብ በጎኑ ተኝቷል፤ ማኅተም ደግሞ መኪና አያነሳም።

"እሺ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ እኮ" ይመጣል ቀጥሎ። ጎሽ። ውሉን አውጡትና የሚያገለግልበትን ክልል የሚናገረውን መስመር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ "ኢትዮጵያ" ይላል። ኢትዮጵያ ማለት በዚህ መንገድ ጋላፊ ድረስ ነው፤ በዚያኛው ደግሞ ደወሌ ድረስ። ኬላውን በአንድ ሜትር ካለፋችሁ ያ ሙሉ ኢንሹራንስ ወዲህ ማዶ ቆሞ እጁን ያውለበልብላችኋል። አብሯችሁ እንዲሻገር ከፈለጋችሁ ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ክፍያ፣ ከፍላችሁ ክልሉን የሚያሰፋ ገጽ ማስጨመር አለባችሁ። እነሱ ኢንዶርስመንት ይሉታል። የአገሩ ስም በግልጽ ይጻፍበት። "ጎረቤት አገሮች" የሚል ነገር ካያችሁ መልሱት፤ ሒሳብ የሚደረግ ዕለት ጎረቤት ማለት ማን እንደሆነ ስትከራከሩ ትከርማላችሁ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ካርዱንም ሙሉ ኢንሹራንሱንም የሚሸጥላችሁ ያው አንድ መስኮት መሆኑ ነው። ሁለቱን ወረቀት በአንድ ላስቲክ ይሰጧችኋል፣ እናንተም አንድ ነገር ይመስላችኋል። ካርዱ ያለ ማስፋፊያው ይሸጣል። ማንም "ማስፋፊያውስ?" ብሎ አይጠይቃችሁም። እኔ ስጠይቅ ደግሞ "ይሄ ደላላ ኮሚሽን ፈልጎ ነው" ትላላችሁ። አዎ፣ ኮሚሽን አለኝ። የተገለበጠ መኪና ከሚያነሳው ክሬን ሒሳብ ግን ያንሳል።

በድሮ ዋጋ ማሳደስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆጠሩ 100 አለፈ። የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ተተኮሰ። ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ንቅንቅ አላለም። አረቦን የሚሰላው በእሱ ላይ ነዋ! ማን ይነካዋል?

በምሳሌ ላስላው። መኪናችሁ ዛሬ ገበያ ላይ 9 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ውሉ ላይ ያለው 3 ሚሊዮን ነው። ጋቢናው ተደቁሶ ጥገናው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ተገመተ። "ከ3 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል" ትላላችሁ። የለም። ዋስትና የገባችሁት ለመኪናው ሲሶ ነው፣ የሚከፈላችሁም የጉዳቱ ሲሶ፦ 500 ሺህ። ከእሷም ላይ የራሳችሁ ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚሉት፣ ይቀነሳል። ለቀረው 1 ሚሊዮን የኢንሹራንስ ኩባንያው እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

ውጭ አገር ሲሆን ይብሳል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ። ስለዚህ ብር በወረደ ቁጥር እዚያ ያለው ክሬን፣ ጎታች፣ ጋራዥ ሁሉ በእኛ ኪስ ይወደዳል። ባለቤቱ ምንም ሳይጨምርባችሁ።

መጎተቻውን አለማስላት

ውሉ መኪናውን ከአደጋው ቦታ ለማንሳትና ለማስጎተት ይከፍላል። ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ጣሪያ አለው። ጣሪያውን አንብቡት፤ አንዳንዱ ውል ላይ ያለው ቁጥር ክሬኑን ከጋራዡ ለማስወጣት እንኳ አይበቃም። ከፍ እንዲል ስትገቡ መጠየቅ ይቻላል፣ ጭማሪውም ያን ያህል አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚከፍለው አቅራቢያ እስካለ ተስማሚ ጋራዥ ድረስ ነው። እናንተ የምታምኑት መካኒክ አዳማ ስላለ ብቻ ከዲክሂል አዳማ ድረስ ማስጎተቻ አይከፍልም። መጀመሪያ ለኩባንያው ደውሉ፣ ይስማሙ፣ በጽሑፍ ይምጣ። አንዳንዴ ኩባንያው ራሱ አገር ቤት መጠገን ይረክስልኛል ብሎ ይስማማል።

ደግሞ ጥሬ ገንዘቡ አለ። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ ነው፣ በብር ነው። ክሬኑ የሚፈልገው አሁን ነው፣ እዚያ ነው፣ በፍራንክ ነው። ባለ ክሬኑን "ኢንሹራንስ ይከፍልሃል" ብትሉት ይስቅባችኋል፤ እውነቱን ነው። ጅቡቲ ያለ ትራንዚተራችሁን፣ የጉምሩክና የወደብ ጉዳይ የሚያስፈጽምላችሁን ሰው፣ ቀድማችሁ አነጋግሩት፣ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚያበድር ሰው ይሁናችሁ። ደረሰኙ ደግሞ ደረሰኝ ይሁን። የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ሒሳብ ይዞልኝ የመጣ ሹፌር አለ። አቀረብኩት። የካሳ ክፍሉ ሰውዬ ገልብጦ ፓኮውን አነበበና መለሰልኝ።

ብልሽትንና አደጋን መቀላቀል

ሞተሩ በሙቀት ተጣብቆ ቢቆም አደጋ አይደለም። ማርሽ ቢሰበር አይደለም። ጎማ ብቻውን ቢፈነዳም አይደለም፤ ፈንድቶ መኪናውን ከገለበጠው ግን ግልበጣው አደጋ ነው። እርጅናና ብልሽት አይከፈልም፣ አለቀ። ባለንብረቱ "ታዲያ ለምንድን ነው የምከፍለው?" ይለኛል። ለራዲያተርህማ አይደለም ወንድሜ።

መኪናውን ጥሎ መሄድ

ሹፌር ነው፣ ደንግጧል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። አላፊ መኪና ሲያገኝ ተሳፍሮ ከተማ ይገባል። ሦስት ቀን ቆይተን ስንደርስ ባትሪው የለም፣ ናፍጣው የለም፣ ስድስት ጎማ የለም፣ የጋቢናው ወንበር ሳይቀር የለም። ለግልበጣው ተከፈለ። ለተፈታው ሁሉ አልተከፈለም፤ ውሉ ከአደጋ በኋላ መኪናውን ያለ ጠባቂ አትተው ይላል። አንድ ሰው ይቅር። የሚቀረው ሰው ውሃ ይኑረው፤ በክረምታችን ወራት እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከረዳት በላይ የሚጠበቅ ጎማ የለም።

የተጎዳውን መኪና "ቀስ ብዬ አደርሰዋለሁ" ብሎ መንዳትም ያው ነው። ያ ጉዞ የሚጨምረው ጉዳት የእናንተ ነው።

ግመሏና ፈረንሳይኛው ወረቀት

ይህችን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። አንድ ሹፌር ሲመሽ ግመል ገጨ። አብሯት የነበረው ልጅም እግሩን ተጎዳ። ሽማግሌዎች መጡ፣ በሰላም ተነጋገሩ። ሹፌሩ ለባለንብረቱ ደወለ። ባለንብረቱ ለእኔ በመደወል ፈንታ "ከፍለህ ና!" አለው። ከፈለ። አንድ ወረቀት ሰጡት፣ ፈረመ። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። የዕርቅ መስሎታል። የሚለው ግን "በፍጥነት ስነዳ ነበር፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፣ የልጁንም ሕክምና እችላለሁ" ነው። ሰዎቹ አላታለሉትም።  ያላነበበው እሱ ነው።

የሚያናድደው ይህ በትክክል ቢጫ ካርዱ የሚሠራበት ቦታ መሆኑ ነው! አንዴ እንኳን ካርዱ የሚያገለግልበት ጉዳይ ሲመጣ አልተጠቀሙበትም። ኢንሹራንሱ ያለ ፈቃዴ ጥፋት አምናችኋል፣ ያለ ፈቃዴ ከፍላችኋል አለ። ውሉም እንዲያ ይላል። የሆስፒታሉ ሒሳብ ባለንብረቱ ላይ ቀረ።

ሹፌራችሁን አንድ ነገር አስጠኑት። ጃንዳርሙ፣ የአገሩ ፖሊስ፣ የሚጽፈውን ሪፖርት ቅጂ ይቀበል፣ ካርዱን ያሳይ፣ የመኪናውን፣ የመንገዱንና የሌላውን ወገን ታርጋ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ያላነበበውን አይፈርም። ስለ ጥፋት አይናገር፤ ስለ ጤና ይጠይቅ።

አጫጭሮቹ

ተሳቢው የራሱ ታርጋ አለው፣ የራሱ ውልም ያስፈልገዋል።

ጭነቱ በመኪናው ኢንሹራንስ ውስጥ የለም። ሌላ ውል ነው። ወደ ሌላ መኪና ሲዛወርም ጉምሩክ ሳያውቅ ንክች አታድርጉት።

ደረቅ ጭነት የሚነዳበት መንጃ ፈቃድ ይዞ ቦቴ ላይ የወጣ ሹፌር ካላችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደብ ላይ ወረፋ ይረዝማል። ካርዱ ከመመለሳችሁ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ሳትወጡ አሳድሱት።

የንግድ ሕጉ አደጋውን እንዳወቃችሁ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። መኪናው እስኪመጣ አትጠብቁ። ኩባንያው ካስቸገራችሁ ደግሞ ለመክሰስ ያላችሁ 2 ዓመት ነው፤ "ነገ ይጨርሱልኛል" እያለ ሁለቱን ዓመት የጨረሰ ሰው አውቃለሁ።

ስብርባሪውን እዚያው መሸጥ። ኩባንያው ሙሉ ዋጋውን ከከፈለ ብረቱ የኩባንያው ነው። ካልከፈለም መኪናው ጅቡቲ የገባው ተመልሶ ሊወጣ ነው፤ ጉምሩክ ሳይፈቅድ መሸጥ ሌላ ጣጣ ነው።

ለቆመበት ቀን ክፍያ መጠበቅ

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ አዲሶቹ ናቸው። የመጀመሪያ መኪናቸው ነው፣ በባንክ ብድር ነው፣ ወር በገባ ቁጥር ክፍያ አለ። "ሁለት ወር ሲቆም የቀረብኝን ገቢ ማን ይከፍለኛል?" ይሉኛል። ማንም። የተለመደው የመኪና ውል የሚከፍለው ለብረቱ ነው። የቀረ ጭነት፣ የባንክ ወለድ፣ የሹፌር አበል፣ የማቆሚያ ኪራይ አይነካም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ፤ አልቆጣቸውም። የምመክራቸው የሁለት ወር የብድር ክፍያ ለብቻ እንዲያስቀምጡ ነው። አንድም ያስቀመጠ እስካሁን አላገኘሁም።

የእኔ

ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛዬን ውል ሳሳድስ ክልል ማስፋፊያውን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ባለፈው ዓመት ስለነበረ አብሮ የታደሰ መስሎኝ ነው። አልታደሰም። ወረቀቱን እንኳ አላገላበጥኩትም። መኪናው ከጋላፊ ማዶ ተቃጠለ። ኩባንያው አልከፈለም፣ ልክ ነበር። ከኪሴ የቻልኩትን አዋጣሁ፣ አልበቃም። ሰውዬው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ሥራውን ግን ለሌላ ሰጥቷል።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ጠየቀ አልጠየቀ ጅቡቲ ለሚሄድ መኪና ሁሉ ማስፋፊያውን እኔ ራሴ እጽፋለሁ። ስለዚህ ያን ሌሊት ሰውዬው ስልኩ ላይ እያለ ተነስቼ ፋይሉን ከፈትኩ። ማስፋፊያው አለ፤ "ጅቡቲ" ብሎ በግልጽ ተጽፏል። አንድ ገጽ ገለጥ አደረግሁና የመኪናውን ዋጋ አየሁ።

የ2014 ዓ.ም. ነው።