ሆቴል ስትይዙ ገንዘብም እንቅልፍም የሚያሳጧችሁ ስህተቶች

መጀመሪያ ያያችሁትን ዋጋ አምናችሁ አትያዙ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በደማቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የአልጋው ብቻ ነው፤ ግብሩ፣ የጽዳቱ፣ አንዳንዴም መዋኛ ገንዳው ጋ ዝር ባትሉ እንኳ የማይቀርላችሁ “የሪዞርት ክፍያ” የሚሉት ነገር ብቅ የሚለው ልትከፍሉ ስትሉ ወይም እዚያው ስትደርሱ ነው። በጣም ያናድዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ደምረው ከመነሻው እንዲያሳዩ ደንብ ወጥቶባቸዋል፤ የመንግሥት ግብር ግን እዚያም ለብቻው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የትም ብትሄዱ “ከዚህ ሌላ ስደርስ የምከፍለው አለ?” ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ያዙት።

ፎቶም አይሸውዳችሁ። ሰፊ ማዕዘን ባለው ሌንስ ሲነሳ ጠባቡ ክፍል አዳራሽ ይመስላል፤ ስፋቱን በካሬ ሜትር እዩ። የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹን አስቀድሙ፣ ጫጫታና ሽታ የሚሉ ቃላትንም ፈልጉ።

ክፍሉን ሳታዩ ሻንጣ መፍታት ሌላው ጥፋት ነው። ሻንጣውን መታጠቢያ ቤት አስቀምጡት፣ ከዚያ አንሶላውን በራስጌ በኩል ገልጣችሁ የፍራሹን ስፌት በስልክ መብራት ተመልከቱ። በብዕር ጫፍ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ሊሆን ይችላል። ሙቅ ውሃውን ክፈቱ፣ በሩን ዘግታችሁ ትንሽ አዳምጡ፤ ሊፍቱ አጠገብ ከሆነ ያኔ ይታወቃችኋል። ካልተመቻችሁ ወዲያው ውረዱና ይቀየርልኝ በሉ፤ አድራችሁ ጠዋት ብታማርሩ ሰሚ ማግኘት ይከብዳል።

ለመያዣ ዴቢት ካርድ መስጠትም ጣጣ አለው። ሆቴሉ ለዕዳ ማስያዣ ብሎ የሚያግደው ከገዛ ሂሳባችሁ ነው፣ ከወጣችሁ በኋላም ለቀናት ላይለቀቅ ይችላል። ክሬዲት ካርድ፣ ማለትም ከሂሳባችሁ ሳይሆን በባንክ ብድር የሚከፈልበት ካርድ፣ ካላችሁ እሱን ስጡ፤ ከሌላችሁ ስንት እንደሚታገድና መቼ እንደሚለቀቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሚኒባሩን፣ ክፍሉ ውስጥ ያለችውን የመጠጥ ማቀዝቀዣ፣ አትነካኩ። አንዳንዱ ሴንሰር ስላለው ጠርሙሱን አንስታችሁ ብትመልሱትም ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

በመጨረሻ ቀን ደግሞ ታክሲ ደርሷል ብሎ ሂሳቡን ሳያዩ መፈረም አለ። መጠየቂያውን ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት አስወጡና መስመር በመስመር እዩት፤ ያልተጠቀማችሁበት ነገር ካለ እዚያው እንግዳ መቀበያው ላይ አስሰርዙ። ከካርዳችሁ ከተቆረጠ በኋላ ማስመለስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።