በሥራ ላይ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበር ዋና የውሃ መስመርን ጥራት እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

በመንገድ ዳር ቱቦ የሚዘረጋ ባለሙያ መገጣጠሚያዎቹን ሳይሸፍን በግፊት ፈትኖ አፈሩን ይመልሳል። በአውሮፕላን ማረፊያ ግን ሌሊት የተቆፈረው ቦይ ሳይነጋ ተደፍኖ ለአውሮፕላኖች መተላለፊያነት መመለስ ስላለበት፣ የመገጣጠሚያዎቹ ቁጥጥር በገጠማው ሰዓት መጠናቀቅ ይኖርበታል። እኔ ይህንን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የመግቢያ ፈቃዱ፣ ኖታሙ (ለአብራሪዎች የሚተላለፈው ማስታወቂያ) እና አጃቢ ተሽከርካሪው በማረፊያው ሥርዓት መሠረት ይፈጸማሉ። በእጅ የሚቆፈረውን የሙከራ ጉድጓድ ግን አይዝለሉ፤ የመብራትና የማረፊያ መርጃ ኬብሎች በነባር ፕላን ላይ ከተሣሉበት ቦታ ፈቀቅ ብለው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

የዳክታይል ብረት (በቀላሉ የማይሰበር የብረት ዓይነት) ቱቦ ሲገጠም በጫፉ ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች የመጀመሪያው ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለተኛው ከውጭ መታየት አለበት። ከዚያ በቀጭን የብረት ልኬት ዙሪያውን እየነኩ መገጣጠሚያውን የሚያሽገው ጎሚኒ ከቦታው አለመንሸራተቱን ያረጋግጡ፤ በአንድ በኩል ጥልቀቱ ከተለየ ቱቦው ወጥቶ እንደገና ይገጠም። ጎሚኒውን በግሪስ ማለስለስ ላስቲኩን ያበላሻል። ቱቦውን በኤክስካቫተር አካፋ መግፋትም፣ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ አልመክረውም፤ የሰንሰለት መጎተቻ ቀስ ይላል እንጂ ጉልበቱን እጅዎ ያውቀዋል።

አሞላሉን በተመለከተ፣ እንደ ቦሌ አካባቢ ባለ መረሬ አፈር የተቆፈረውን መልሶ መሙላት ስህተት ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ገረጋንቲ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር እየተነጠፈ ይጠቅጠቅ፣ የጥግግት ሙከራውም ለየንጣፉ ይደረግ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቦዩ ከተደፈነ በኋላ በሚደረገው የግፊት ፈተና ላይ ነው። የአሜሪካ የውሃ ሥራዎች ማኅበር ሲ600 መመዘኛ በዝቅተኛው ቦታ የሥራ ግፊቱን 1.5 እጥፍ ይጠይቃል፤ በ10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ለሚሠራ መስመር 15 ባር ማለት ነው። በመመዘኛው ቀመር 300 ሜትር ርዝመትና 300 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ቱቦ በሁለት ሰዓት ውስጥ ግፊቱን ለመጠበቅ እንዲጨመር የሚፈቀደው ውሃ 9 ሊትር እንኳን አይሞላም።

አንድ ጊዜ ፈተናውን በተዘጋ ቫልቭ ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። ግፊቱ ወረደ፤ ሁለት ሌሊት ሙሉ በደንብ የተጠቀጠቀውን ሙሌት ሰብሬ ሦስት መገጣጠሚያዎች አስቆፈርኩ፣ ሦስቱም ደረቅ ነበሩ። ውሃውን በቀስታ ወደ ነባሩ መስመር የሚያሳልፈው ያ የተዘጋ ቫልቭ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ጫፎች በድፍን ፍላንጅ (ቀዳዳ በሌለው የብረት ክዳን) ዘግቼና ከኋላ አስደግፌ ብቻ እፈትናለሁ።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር በቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነው። መስመሩን ከዝቅተኛው ጫፍ ቀስ ብለው ይሙሉ፤ ከፍ ባሉ ቦታዎች ያሉት የአየር ማስወጫዎች ፉጨት ትተው ውሃ ብቻ እስኪያወጡ ድረስም ይጠብቁ። ጥርጣሬ ካለዎት ግፊቱ 15 ባር ሲደርስ ማስወጫውን ከፍተው የሚወጣውን ውሃ ይለኩ፤ ከላይ በተጠቀሰው ቱቦ ግፊቱ እስኪያልቅ የሚወጣው ከአንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ብዙም አይበልጥም። ባልዲ ሞልቶ ባልዲ እየተካ የግፊት መለኪያው ለመውረድ የሚዘገይ ከሆነ የሚለኩት የአየር መታመቅን ነው፣ ከዚያ ንባብም ስለ መገጣጠሚያዎቹ ምንም ማወቅ አይቻልም።

ንጋት ላይ ቦታው ከመመለሱ በፊት አስፋልቱን በብሩሽ ማሽን ማጽዳትና በእግር መፈተሽ የጥራት ሰው ሥራ አይደለም የሚሉ አሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የኮንኮርድ አውሮፕላኑን ለአደጋ የዳረገው በመንደርደሪያው ላይ የወደቀ ቁራጭ ብረት ስለሆነ፣ እኔ ለማንም አልሰጠውም።

በመጨረሻ ቱቦው በደንብ ታጥቦ በሊትር 25 ሚሊግራም ክሎሪን ይሞላል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ቢያንስ 10 ሚሊግራም መገኘት አለበት። ክሎሪኑ ታጥቦ ከወጣ በኋላ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ዙር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከነባሩ መስመር ጋር የሚያገናኙት ዕቃዎችም በ1 በመቶ የክሎሪን መፍትሔ ይወለወላሉ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የቫልቩን መክፈቻ ቁልፍ ከሳይቱ ወስጄ በቢሮዬ እቆልፍበታለሁ።