አዲሱን አንቴና ከማዘዝዎ በፊት

አንቴና ሊቀይር የተነሣ አማተር (በትርፍ ጊዜው በራዲዮ የሚገናኝ ሰው) ምክር ሲጠይቀኝ መግቢያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በሁሉም ባንድ ኤስ ደብልዩ አሩ ከ1.5 የማያልፍ አገኘሁ!» ባንድ የተመደበ የሞገድ ክልል ነው፤ ኤስ ደብልዩ አር ደግሞ ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ወደ ራዲዮው እንደተመለሰ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ 1 ለ 1 ማለት ምንም አልተመለሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። በኬብሉ ጫፍ ባለ 50 ኦም ሬዚስተር ብናስር መለኪያው 1 ለ 1 ያነባል፤ የሚሰማን ግን አይኖርም፤ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መለኪያው የሚያውቀው ተመልሶ የመጣውን ብቻ ነው። ያልተመለሰው በአየር ላይ ይሂድ ወይም ሽቦ ያሙቅ፣ እሱን አይመለከተውም። አምስት ሜትር የማይሞላ ዘንግ ያለ ምንም ማስተካከያ ከ80 እስከ 10 ሜትር ባንድ «እሠራለሁ» ካለ፣ ከመደሰት በፊት ኃይሉን የት እንደሚያደርሰው ይጠየቅ።

ነገሩ ስለደረሰብኝ ነው የምቆጣው። ጣቢያዬ አልሰማ እያለ ሲያስቸግረኝ ጥፋቱን በአሮጌው ባለ ትራፕ ዳይፖል (መሐሉ ላይ የሚመገብ፣ ትራፕ በተባሉ ጥቅልሎች በብዙ ባንድ የሚሠራ የሽቦ አንቴና) ላይ አላክኬ አወረድኩት፤ አዲስ ሰቀልኩ። ለውጥ የለም። መለኪያው ደግሞ ያማረ ቁጥር ያሳየኛል። በመጨረሻ ከላይ ያለውን ማገናኛ ስፈታው ውሃ ጠብ አለ፤ የኬብሉ የመዳብ ጉንጉን አረንጓዴ ሆኗል። የራሰው ኬብል የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ስለሚውጥ ነው ቁጥሩ ያማረው። ጤነኛውን አውርጄ በሽተኛውን አስቀርቼ ኖሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ኬብሉ ይፈተሽ። ደረቅና ጤነኛ የሆነ አርጂ 58 የተባለው ቀጭን ኬብል እንኳ 30 ሜትር ከረዘመ፣ በ10 ሜትር ባንድ ከ100 ዋት ውስጥ 40 ያህሉን መንገድ ላይ ያባክናል።

«ባለ ብዙ ባንድ» የሚለው ስምም ያሳስታል። 49 ለ 1 ትራንስፎርመር ያለው፣ ከጫፉ የሚመገብ ባለ 20 ሜትር ሽቦ በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ባንድ ደህና ይሠራል፤ በ40 ላይ ግማሽ ሞገድ ስለሆነ የሚስማማው ከዚያው ባንድ ፍሪኩዌንሲና ከብዜቶቹ ጋር ነው። ገዢው በ30 ወይም በ17 ሊጠራ ሲሞክር ነው የሚነቃው። ጂ5አርቪ የተባለው ታዋቂ የሽቦ አንቴናም ቢሆን ሉዊስ ቫርኒ ሲነድፈው በዋናነት 20 ሜትርን አስቦ ነበር፤ በብዙዎቹ ሌሎች ባንዶች ላይ ቲዩነር (አንቴናውን ከራዲዮው ጋር የሚያስማማ መሣሪያ) ይፈልጋል። የሚሠሩባቸውን ባንዶች በወረቀት ሳይጽፉ አይግዙ።

መሬት ላይ የሚቆም ሩብ ሞገድ ቋሚ አንቴና ገዝቶ ራዲያል (ከሥሩ ዙሪያውን የሚዘረጉ ሽቦዎች) አለመዘርጋት ግማሹን አንቴና ሱቅ ውስጥ ትቶ መምጣት ነው።

የጌይን (አንቴናው ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብበት መጠን) ቁጥር ሲያወዳድሩ መነሻው ይታይ፤ በዲቢአይ (መነሻው በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያሰራጭ ምናባዊ አንቴና) የተጻፈው በዲቢዲ (መነሻው ዳይፖል) ከተጻፈው በ2.15 ይበልጣል፣ አንቴናው ግን ያው ነው።

ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አይስቀሉ። በዚህ አልከራከርም።

ጀማሪዎችን የምወድበት ጉጉታቸው ራሱ አንድ ስህተት ያሠራቸዋል፤ አዲሱ በተሰቀለ ማታ ሩቅ ጣቢያ ይመልስላቸውና አሮጌውን ቆራርጠው ይጥሉታል። ያን ማታ የተከፈተው ሰማዩ ሊሆን ይችላል፤ ሞገዱን አርቆ የሚመልሰው የላይኛው አየር ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣልና። ቦታ ካለ ሁለቱም ይሰቀሉ፤ አንድን ጣቢያ እየሰሙ በማዞሪያ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀያይሩ፤ ጠዋትም፣ ማታም፣ ለሁለት ሳምንት ያህል።