የስኩል ባስ ቲኬት ሲመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቀይ መብራት አብርቶ የቆመ ስኩል ባስ (የተማሪዎች አውቶቡስ) ሳይቆሙ ሲያልፉ የቅጣት ቲኬት ይመጣል። የእኔን ስህተት ላስቀድም። ፖስታውን ስከፍት የመኪናዬ ታርጋ በፎቶ ቁጭ ብሏል፣ 250 ዶላር ክፈል ይላል። ደሜ ፈላ። ቪዲዮውን እንኳ ሳላይ «ኮርት እሄዳለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ መልሼ ላክሁት። ማታ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ባሱ ከማዶ ቆሟል፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስቶፕ የሚለው ክንድ ተዘርግቷል፣ እኔ ደግሞ ዝግ ብዬ፣ በጨዋ ደንብ፣ አልፌው እሄዳለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ቪዲዮውን ይዩ። መብራቱ ገና ቢጫ ከነበረ አንድ ነገር ነው፣ ቀይ ከሆነ ሌላ።

ሁለተኛው ስህተት የካሜራውንና የፖሊሱን ቲኬት አንድ አድርጎ ማየት ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በካሜራ የመጣ 250 ዶላር ነው፣ ፖይንት (መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ) የለውም። ፖሊስ አስቁሞ ከሰጠዎት ግን 570 ዶላርና 3 ፖይንት ነው። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ፖሊስ በ«ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግድየለሽ አነዳድ) ከከሰሰዎት ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል፣ 6 ፖይንትም አለው። ኡበር ለሚነዳ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ጠበቃ ይያዙ፣ አይቆጥቡ።

«ባሱ ከማዶ ነበር» ብቻውን አያድንም። ሜሪላንድ ውስጥ ከማዶ የሚመጣውም ይቆማል፣ የማይቆመው መሃል ላይ መንገዱን በአካል የሚከፍል ነገር ካለ ነው፦ የሣር መደብ፣ ግንብ፣ የመሳሰለው። በቀለም የተሰመረ ቢጫ መስመር ወይም መሃል ላይ ያለ የግራ መታጠፊያ ሌን አይቆጠርም፣ ብዙ ሐበሻ የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው። እውነተኛ መደብ ካለ ግን ዛሬውኑ ሄደው ፎቶ ያንሱ፤ ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አላውቅም።

ዳኛው ፊት «ሥራ ረፍዶብኝ ነበር»፣ «ልጅ ሲወርድ አላየሁም» ማለት ማመን ነው እንጂ መከራከር አይደለም። ሕጉ የሚያየው መብራቱን ነው።

መኪናውን ሌላ ሰው ነድቶት ከሆነ የካሜራው ቲኬት የሚመጣው በባለቤቱ ስም ስለሆነ፣ በአፍ «እኔ አልነበርኩም» ከማለት የነዳው ማን እንደሆነ በመሐላ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት። ስሙን ከመጻፍዎ በፊት ግን ሰውዬውን ያናግሩት፣ ቤት ውስጥ ሌላ ችሎት እንዳይከፈት።

እንግሊዝኛው የሚከብድዎ ከሆነ የአክስትዎን ልጅ አስተርጓሚ አድርገው አይሂዱ። ፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፣ ግን ቀደም ብለው በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በቀጠሮው ጠዋት አይሆንም።

መሳቢያ ውስጥ ከትቶ መርሳትም አለ። የመኪናዎን ሬጂስትሬሽን ለማደስ ሲሄዱ ቲኬቱ እዚያ ይጠብቅዎታል።

እኔ ቀጠሮው ሳይደርስ 250ውን ከፈልኩ። ቪዲዮውን ባለቤቴ ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች።