መርፌ ፈላጊው ማሽን መጮህ አልተው ሲል

ኮምቦልቻ ላይ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋ ሁሉ ይህን ጩኸት ያውቀዋል። መርፌ ፈላጊው ማሽን በቀበቶ በሚያልፍ ልብስ ውስጥ የቀረ የመርፌ ስባሪን፣ ማግኔት የሚስበውን ብረት፣ ሲያገኝ እንዲጮኽ የተሠራ ነው። ግን ደህና ልብስ ሲያልፍም ይጮኻል፣ ቀበቶው ይቆማል፣ ካርቶን ይከመራል። የጭነት ሰዓት ሲደርስ አንዱ ሴንሲቲቪቲውን (ትንሽ ብረት የመለየት አቅሙን) ዝቅ ያደርገዋል። አታድርጉት! ጩኸቱ ይጠፋል፤ የመርፌው ስባሪ ግን ከሕፃን ልብስ ጋር ታሽጎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ቀበቶውን ባዶውን አስኪዱት። ባዶውንም እየጮኸ ጩኸቱ ሰዓት ከሌለው፣ በአጠገቡ የሚያልፍ የብረት ጋሪ ወይም የሚንቀጠቀጥ ወለል ነው፤ ጋሪውን አርቁ፣ የማሽኑን እግሮች አስተካክሉ። በእኩል ጊዜ እየተመላለሰ ከጮኸ ግን ቀበቶው ላይ የተሰካ ብረት አለ። በጮኸ ቁጥር በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሦስቴ አንድ ቦታ ላይ ከዋለ እዚያው በማግኔት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባች ቀጭን ስባሪ ናት። በጣት አትዳብሱ።

ባዶው ዝም ካለ ነገሩ ልብሱ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዚፕና ቁልፍ። ናስ ነው ተብሎ የተሸጠው የዚፕ መጎተቻ ከላይ ተቀብቶ ውስጡ ብረት ይሆናል። ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ አስጠጉት፤ ከተሳበ ጉዱ ወጣ። ከእያንዳንዱ የዚፕና የቁልፍ ጥቅል አሥር አሥር ፍሬ ከመጋዘን ሳይወጣ በማሽኑ ይለፍ፤ አንዱ እንኳ ከጮኸ ሙሉው ይመለስ። የቁጥር ወረቀት በስቴፕለር ሽቦ የሚያያዝበት ላይንም (የስፌት መስመርም) አለ። ስቴፕለር ስፌት ክፍል ምን ይሠራል? ወረቀቱ በክር ይታሰር።

የጮኸ ልብስ ሁለተኛ ሲያልፍ ማሽኑ ዝም ስላለ አይሸኝ። ስባሪዋ አቅጣጫዋን ስትቀይር ልታመልጥ ትችላለች፤ አዙራችሁ፣ አጥፋችሁ ድገሙት።

የሙከራ ካርዱን (ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር የብረት ኳሱን) ቀበቶው ላይ ብቻ አሳልፎ «ይሠራል» ብሎ መፈረም ማታለል ነው። ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ፤ በእያንዳንዱ ታች፣ መካከል፣ ላይ፤ 9 ቦታ ይፈተን። ሺፍት ሲጀመርም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም።

ማሽን ገባ ተብሎ ኪውሲ (የጥራት ተቆጣጣሪ) አይቀነስ። ይህ ማሽን የሚያውቀው ብረት ብቻ ነው። የዘለለ ስፌት፣ የዘይት ጠብታ፣ የቀለም ልዩነት የሚይዘው የኪውሲዋ ዓይን ነው። ጥጥ በተሞላ ጃኬት ውስጥ ያለች ስባሪን ደግሞ ዓይንም እጅም አያገኛትም። ስለዚህ መርፌ ሲሰበር ኦፕሬተሯ እዚያው ታቁም፤ ስብርባሪው ተለቅሞ፣ ተገጣጥሞ፣ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ። አንዲት ጫፍ ከጎደለች ልብሱ ከላይኑ አይወጣም።